በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ

በአምቦ ዙሪያ ገጠር «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ወፍጮን ነው። እህል የሚፈጨውን ባቡር። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ሌላው ባቡር ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ በብረት መንገድ ላይ ስለሚሄደው ስለ ምድር ባቡር።

ምድር ባቡር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ስለነበረ ባቡሩ ቆላው ላይ ቀረ። በቀረበትም ቦታ ከተማ በቀለ።

ያ ባቡር ብዙ ዘመን አገልግሎ አረጀ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መደበኛ ሥራውን የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። እኔ የተሳፈርኩት በዚያው ዓመት፣ ገና አዲስ ሳለ ነው።

ከአምቦ በአውቶቡስ ተነሥቼ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምንና ሆለታን አልፌ አዲስ አበባ አደርኩ። በማግሥቱ በማለዳ ወደ ለቡ ሄድኩ። የድሮው ጣቢያ ለገሃር መሐል ከተማ ነበር። ለቡ ግን ከከተማው ዳር ነው። ዕቃ ለያዘ እግረኛ አይመችም። ሕንጻው ትልቅ ነው፤ ወለሉ ያንጸባርቃል። ተሰለፍን፤ መታወቂያ አሳየን፤ ዕቃችን ተፈተሸ።

ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከጊንጪ ገጠር የመጡ ናቸው። ድሬዳዋ ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ጋቢ ደርበዋል። በማዳበሪያ ጆንያ ጤፍ ቋጥረዋል። ማንበብ የተማሩት በስተርጅና ነው። ትኬቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁጥሩን ደጋግመው ያዩ ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ስንገባ በቦታቸው አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ቦታ ነው» አሉት።

«አባባ፣ የትም ይቀመጡ፤ ሁሉም አንድ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

«አንድስ አይደለም። የኔ ፉርጎ 3፣ ወንበር 27 ይላል። ያንተስ ምን ይላል?»

ሰውየው ትኬቱን ከኪሱ አውጥቶ አየ። የሱ ፉርጎ 4 ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር ዕቃውን አንሥቶ ሄደ። ሽማግሌው ጆንያቸውን ከወንበሩ ሥር ገፍተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። እኔም ከፊት ለፊታቸው ሆንኩ።

መነሣታችንን ያወቅነው ውጭ ያለው ምሰሶ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ጩኸት የለም። ጭስ የለም።

«ሞተሩ የታለ?» አሉኝ።

ሞተሩ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ከሐዲዱ በላይ ሽቦ ተዘርግቷል። በባቡሩ ጣሪያ ላይ ያለ የብረት ክንድ ሽቦውን እየነካ ኃይል ይወስዳል። በቤት ውስጥ አምፖል የሚያበራው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በዚያ ሽቦ ያለው ግን 25 ሺህ ቮልት ነው። በእርጥብ እንጨት እንኳ መንካት ሞት ነው። ልጆችን በምሰሶው ላይ እንዳይወጡ መከልከል የሚገባው ለዚህ ነው።

የድሮው ሐዲድ ጠባብ ነበር። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር፣ በእኛ አለካክ ሁለት ክንድ ያህል ነው። የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ሦስት ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሰፊ መቀመጫ ያለው ነገር አይንገዳገድም። የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህም በደቂቃ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሽማግሌው በክዳኑ ሻይ እየቀዱ ጠጡ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

እስከ አዳማ መንገዱ ድርብ ነው፤ አንዱ ለሂያጅ፣ አንዱ ለመጪ። ሞጆ አካባቢ አንድ የጭነት ባቡር በአጠገባችን አለፈ። ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀምረን ተሳሳተብን። ይህ ነገር ለእኛም ጉዳይ ነው። የጊንጪና የአምቦ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ከፊሉ በከባድ መኪና፣ ከፊሉ በዚህ ባቡር ወደ መሐል አገር ይመጣል። አንድ የጭነት ባቡር የብዙ መኪና ጭነት ባንድ ጊዜ ይጎትታል። ማዳበሪያው ዘግይቶ የደረሰበት ገበሬ የዚህን ጥቅም ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ታየ። የፈንታሌ ተራራም ታየ። መተሐራ ላይ የሸንኮራ አገዳው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ትበልጣለች። አዋሽ ግን 1 ሺህ ሜትር ገደማ ናት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው አጠፉ፤ ቆይተውም ኮታቸውን።

ከአዋሽ ወዲያ ባቡሩ ደጋግሞ ጮኸና ቀስ አለ። በኋላም ቆመ። በሐዲዱ ላይ ከብት ነበር። መንገደኛው «ምነው? ምን ሆነ?» እያለ ተንጫጫ። ሽማግሌው ግን ከመስኮቱ ሆነው እረኛውን ነበር የሚያዩት። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በበትሩ እያጣደፈ አንዲት ላም ይነዳል። «አይዞህ» አሉት፤ አይሰማቸውም እንጂ። የብረት ጎማ በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጭነት የሚጎትተው። ለዚሁ ነው ደግሞ ቶሎ መቆም የማይችለው። በሙሉ ፍጥነቱ ሳለ ፍሬን ቢያዝ እስኪቆም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። መሪም የለው፤ ወደ ጎን አይሸሽም። በዚህ መስመር ብዙ ግመልና ከብት አልቋል። ለአርብቶ አደሩ ግመል ማለት የባንክ ደብተሩ ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ የከብት መተላለፊያ በበቂ ካልታሰበ ጉዳቱ በእረኛው ላይ ይወድቃል።

«ይሄ ነገር ወደ እኛስ አይመጣም?» ብለው ጠየቁኝ።

ዕቅዱ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኢጃጂ አድርጎ ወደ ጅማ የሚሄድ መስመር ታቅዶ ነበር። ኢጃጂ ከጌዶ ማዶ ያለችው የኛዋ ኢጃጂ ናት። እስካሁን ግን አልተሠራም። የባቡር መንገድ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ለጅቡቲው መስመርም አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ይህን ነገርኳቸው።

«ብድር ከሆነ መጀመሪያ ያኛው ይክፈል» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ድሬዳዋ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን። የዚያም ጣቢያ ከከተማው ራቅ ይላል። የባጃጅ ነጂዎች ከበቡን። አንዱ የሽማግሌውን ጆንያ አንሥቶ ዋጋ ጠራ። እሳቸውም ጆንያውን መልሰው ያዙና ልጃቸው የሰፈሩን ስም የጻፈችበትን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ጮክ ብለው አነበቡለት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋው መከራከር የጀመሩት።