ደራሲው ምን በልቶ ይደር?
(በሬዲዮ ከተነገረ)



በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ማታ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሁለት ዐይነት ሱቆች ያያል፤ አንደኛው ወረቀት የሚያባዛ፣ ሁለተኛው በእጅ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን ነው። በአንደኛው ደጃፍ የማታ ትምህርት የሚከታተል የመንግሥት ሠራተኛ የተዋሰውን መጽሐፍ በሙሉ ሊያስገለብጥ ይቆማል። በሁለተኛው ደጃፍ አንድ ወጣት ጥቂት ብር ከፍሎ ብዙ ዘፈን ያስጭናል። ሁለቱም የሰው ገንዘብ የወሰዱ አይመስላቸውም፤ ባለሱቁም «ሠርቼ አደርሁ» ይላል። ታዲያ ደራሲውና ዘፋኙ ምን በልተው አደሩ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1710 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ሕግ ለደራሲ የተወሰነ ዘመን መብት ሲሰጥ፣ በዚያው ሕግ ከመጽሐፉ 9 ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት እንዲገባ አዝዞ ነበር። የደራሲው ጥቅምና የአንባቢው ዕውቀት ከመነሻቸው አብረው ታሰቡ ማለት ነው። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለድርሰትና ለኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠ። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ ይኸውም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ።

ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ጥበቃው ሥራው እንደ ተፈጠረ ይጀምራል፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ዘመኑም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ አይታተምም። በ1931 ዓ.ም. ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ድርሰቶች ግን ዘመናቸው ስላለፈ ማንም ሊያሳትማቸው ይችላል፤ ስማቸውን መጥቀስ የጨዋነት ግዴታ ነው።

ይህንኑ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ አድማጭ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ትረካ ዛሬ ቢቀረጽ የደራሲው መብት ብቻ አይደለም የሚነሣው፤ ሕጉ ከዋኝ ለሚለው ለተራኪው፣ ድምፁን ለቀረጸውና ለጣቢያውም ድርሻ አለ። ሰው በስልኩ የሚልከው አንድ ፋይል የብዙ ሰው ድካም ያለበት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ሕጉ አንባቢን አልረሳም። አንድ ሰው ከታተመ ሥራ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ማድረግ ይፈቀድለታል፤ መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል ማስገልበጥ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ምንጩንና ስሙን ጠቅሶ አጭር ቃል መጥቀስም ይቻላል። አዋጅ፣ ደንብና ሌላውም የመንግሥት ሕጋዊ ጽሑፍ በዚህ ጥበቃ ሥር አይገባም፤ ስለዚህ የነጋሪት ጋዜጣን ማባዛት የሚያሳስብ አይደለም።

ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሱቅ አይደለም። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያገለግለው ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት የቆሙት ለትርፍ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ተመራማሪ ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ወይም አጭር ክፍል እንዲገለብጥ፣ የተበላሸውንና በቀላሉ የማይገኘውን መጽሐፍም ለመጠበቅ እንዲቀዳ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ የማራኬሽን ስምምነት በ2012 ዓ.ም. በማጽደቋ፣ ዓይነ ስውራን በብሬል ወይም በድምፅ የሚያነቡት ቅጂ የሚዘጋጅበት በር ተከፍቷል።

አስቸጋሪው ነገር የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያዋሰውን አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ ተቀርጾ በኢንተርኔት የተለቀቀው ግን በአንድ ሌሊት ሺህ ስልክ ይገባል። በአንጻሩ ወራሾቹ የማይታወቁ፣ ከገበያም የጠፋ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ቢበሰብስ ደራሲውም አንባቢውም አይጠቀሙም። ለዚህ መፍትሔው ቤተ መጻሕፍቱ ከደራስያንና ከወራሾቻቸው ጋር ተዋውሎ፣ ቢቻል በመጠነኛ ክፍያ፣ ሥራውን ለንባብ ማብቃቱ ነው።

እንግዲህ የማታ ተማሪው የሚያስፈልገውን ጥቂት ገጽ ይገልብጥ፤ ሙሉውን ሲሻ ይግዛ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ይዋስ። መጽሐፉ ቢወደድበት ባልንጀሮቹን አስተባብሮ ቤተ መጻሕፍቱ ተጨማሪ ቅጂ እንዲገዛ ይጠይቅ። ይህ ከሆነ ደራሲው ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጻፍ ዐቅም ያገኛል፤ ተማሪውም ነገ የሚያነበው አያጣም።