ቦታ እያለ «ኮታ አልቋል» ሲባል፦ ኮታቼክ ምን ይቆጥራል?

ብዙ ሰው በሚጋራው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ተጠቃሚው ፋይሎቹን ሲደምር 2 ጊጋባይት አይሞሉም፤ ሲስተሙ ግን የተፈቀደልህን 5 ጊጋባይት ጨርሰሃል ብሎ አዲስ ፋይል አላስቀምጥም ይለዋል። ተቃራኒውም አለ፤ አንዱ ከድርሻው በላይ ወስዶ ሲስተሙ ሳያውቅበት ዲስኩ ለሁሉም ይሞላል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡና ዕቃው አልተስማሙም።

የእድር ዕቃ ቤትን አስቡ። ማን ስንት ሳህን እንደወሰደ ለማወቅ ጸሐፊው ቤት ለቤት አይዞርም፤ መዝገቡን ይገልጣል። ከርነሉም ፋይል በተጻፈ ቁጥር ዲስኩን በሙሉ አይቆጥርም። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የያዛቸውን ብሎኮችና አይኖዶች መዝግቦ ሲጨመር ይደምራል፣ ሲጠፋ ይቀንሳል። መብራት ድንገት ከጠፋ ወይም ኮታው ተዘግቶ ሳለ ፋይል ከተጻፈ ግን መዝገቡ ወደ ኋላ ይቀራል።

ኮታቼክ ቆጠራውን እንደ አዲስ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። አይኖዶቹን አንድ በአንድ አይቶ ባለቤታቸውንና የያዙትን ብሎክ ይደምራል፤ ከዚያም የኮታ ፋይሉን ያርማል። ሃርድ ሊንክ ያለው ፋይል ስሙ ብዙ ቢሆንም አንዴ ብቻ ይቆጠራል።

የኮታ ሥርዓቱን የነደፈው የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኤልዝ ነው። በሰፊው የተሰራጨው ግን ከምኖርበት ከኦክላንድ አጠገብ፣ በርክሊ በተሠራው 4.2ቢኤስዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቆጠራ ላይ ሳላችሁ አንዱ ሳህን ይዞ ሲወጣ ሌላው ሲመልስ ድምሩ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ፦

1. በሬፕኮታ የአሁኑን ቁጥር መዝግቡ።
2. በኮታኦፍ ኮታውን ዝጉ።
3. ፋይል ሲስተሙን ለንባብ ብቻ አድርጋችሁ ማውንት አድርጉ።
4. ኮታቼክን አስኪዱ።
5. ፋይል ሲስተሙን ለመጻፍ መልሳችሁ ክፈቱ፤ በኮታኦን ኮታውን አስጀምሩ፤ ቁጥሩን ከበፊቱ ጋር አነጻጽሩ።

ከዚያ በፊት ግን ልዩነቱ በእርግጥ ስህተት መሆኑን አረጋግጡ። ተሰርዞ አንድ ፕሮግራም ገና ያልዘጋው ፋይል ስሙ ባይታይም ቦታ ይዟል። ትናንሽ ፋይሎችም አሉ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ አንድ ፊደል ብቻ ያለው ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ የ4 ኪሎባይት ብሎክ ይይዛል። ኮታ የሚቆጥረው ብሎኩን ነው።

ከሳን ሆዜ በማይርቀው በማውንቴን ቪው፣ በሲሊከን ግራፊክስ የተሠራው ኤክስኤፍኤስ ሌላ መንገድ ይዟል። የኮታውን ለውጥ ከፋይሉ ለውጥ ጋር በአንድ ጆርናል ስለሚጽፍ መብራት ቢጠፋም ሁለቱ አይለያዩም። ኤክስት4ም የራሱ የኮታ ፊቸር ሲበራለት እንዲሁ ያደርጋል። አዲስ ሰርቨር የምታዘጋጁ ከሆነ ይህን ምረጡ፤ ዕቃውና መዝገቡ አብረው ከተጻፉ መብራት በጠፋ ቁጥር ቆጠራ አያስፈልግም።