ያልተለካውን ውቅያኖስ መገመት

አርጎ የሚባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ዛሬ ወደ 4,000 ይጠጋሉ። 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነው ከውኃው ጋር ይጓዛሉ። በየአሥር ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይወርዱና ወደ ላይ ሲወጡ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን እየለኩ ውጤቱን በሳተላይት ይልካሉ። እንዲያም ሆኖ በአንዱና በሌላው መካከል በአማካይ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልተለካ ውኃ አለ። ይህን ክፍተት የሚሞላው ስታቲስቲክስ ነው።

ዘዴው የተወለደው ባሕር ላይ አይደለም። ደቡብ አፍሪቃዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ፣ ከጥቂት ናሙናዎች ተነሥቶ ያልተቆፈረውን ድንጋይ የወርቅ መጠን የሚገመትበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1951 አቀረበ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ማተሮን ሐሳቡን በሒሳብ አደላድሎ በክሪግ ስም ሰየመው። ሌቭ ጋንዲን በሌኒንግራድ ተመሳሳዩን ለአየር ጠባይ ጥናት አዋለው፤ በ1976 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ብሬዘርተን፣ ዴቪስና ፋንድሪ ወደ ውቅያኖስ አመጡት።

መጀመሪያ ግምት የሚፈለግለት ቦታ የወሩ መደበኛ ሙቀት ይወሰዳል። ቀጥሎ በዙሪያው የተገኙት ልኬቶች ከመደበኛው ምን ያህል እንደራቁ ይታይና ለእያንዳንዱ ክብደት ይሰጠዋል፤ ለቀረበው ብዙ፣ ለራቀው ጥቂት። ቅርበት ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አይታይም። በምድር ወገብ አካባቢ ውኃው ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ለረጅም ርቀት ይመሳሰላል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቶሎ ይለወጣል። ጊዜም ይቆጠራል፤ የትናንቱ ልኬት ከወር በፊቱ ይልቅ ይታመናል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ቢገኙ የሚናገሩት አንድ ነገር ስለሆነ፣ ቀመሩ አንዱን ምስክር እንደ ሁለት አይቆጥረውም፤ ክብደቱን ያካፍላቸዋል። ይህ መመሳሰል ከባሕር ባሕር ስለሚለያይም ተመራማሪዎቹ ሚካኤል ኩሴላና ማይክል ስታይን እ.ኤ.አ. በ2018 ለየአካባቢው የራሱን ሕግ ከመረጃው የሚያወጣ ስሌት አቅርበዋል።

ዘዴው ከግምቱ ጋር የስህተቱንም መጠን ይሰጣል፤ ትልቁ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ልኬት በሌለበት ግምቱ ወደ መደበኛው ይመለሳል። በመሆኑም መረጃ እምብዛም ያልነበራቸው የደቡብ ባሕሮች የቀድሞ ካርታዎች የሙቀቱን ለውጥ አሳንሰው ሊያሳዩ ይችላሉ። ምድር ካከማቸችው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን የሚውጠው ውቅያኖስ ነውና ጉድለቱ ቀላል አይደለም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኤል ኒኞን የሚያስነሣው ሞቃት ውኃ የፓስፊክ ገጽ ላይ ከመታየቱ ወራት አስቀድሞ ከሥር ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በልኬት ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. የ2015ቱም ኤል ኒኞ ክረምታችንን አዛብቶ ብርቱ ድርቅ አስከትሏል። የባሕር ሙቀት ካርታ ሲቀርብላችሁ አብሮት የተሠራውን የስህተት ካርታ ጠይቁ።