በማሳ ላይ የሚያርፉ ስደተኛ የውሃ ዳር ወፎች

በሐብሮና በሚኤሶ ቆላ ማሽላው እሸት በሚይዝበት ወራት ለገበሬው ወፍ ሁሉ ግሪሳ ነው። አይፈረድበትም፤ ግሪሳ በመንጋ የወረደበት ማሳ የዓመት ድካሙን በጥቂት ቀን ያጣልና። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ የተነሱ ረጅም እግር ያላቸው የውሃ ዳር ወፎች በመስኖ ቦይ፣ በኩሬ ዳርና ውሃ በተኛበት መሬት ያርፋሉ። ከፊሎቹ እዚሁ አገራችን ይከርማሉ፤ ሌሎቹ ስብ አጠራቅመው ወደ ደቡብ ያልፋሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ መንቆሩን እንዲያይ እንመክራለን። የግሪሳ መንቆር አጭርና ወፍራም፣ ብዙውን ጊዜም ቀይ ሲሆን፣ እህል ለመፈልፈል የተበጀ ነው። የውሃ ዳር ወፎች መንቆር ግን ቀጭንና ረዘም ያለ በመሆኑ ከጭቃ ውስጥ ትልና የነፍሳት እጭ ያወጣል። በማሽላ ራስ ላይም አይቀመጡም፤ ብቻቸውን ወይም ጥቂት ሆነው በጭቃው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ጅራታቸውን ያወዛውዛሉ። ከእነዚህ መካከል እህል የሚለቅም አንድ ዓይነት መኖሩ አይካድም። በምዕራብ አፍሪካ የሩዝ ገበሬዎች ያማርሩበታል። በማሽላ ማሳ ግን የሚለቅመው መሬት ላይ የረገፈውን ነው።

ለግሪሳ የሚረጨው ፌንታዮን ወፍ አይመርጥም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሐረርጌን በወረረ ጊዜ ርጭትን ማስቀረት አልተቻለም ነበር፤ በግምት መርጨት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እሸቱን በማማና በወንጭፍ መጠበቅ፣ ግሪሳው ማታ የሚያድርበትን ሥፍራ አይቶ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይሻላል። ርጭቱ የባለሙያ ሥራ ነውና።

የበለጠ የሚያሳስበን በየቀኑ የሚፈጸመው ነው። የጀርባ መርጫ በመስኖ ቦይ ውስጥ ሲታጠብ መርዙ ወፎቹ ወደሚመገቡበት ጭቃ ይወርዳል፤ ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ከዚያው ውሃ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከውሃ የራቀ የማጠቢያ ሥፍራ ቢለዩ ወጪው ከጥቂት ሰው የቀን ጉልበት አያልፍም። ከርጭት በኋላ ሞተው የተገኙ ወፎችም ውሻና ዶሮ ሳይደርስባቸው ከውሃ ርቀው በጥልቅ ይቀበሩ፤ የሚቀብረውም ሰው በባዶ እጁ አይንካቸው።