ማዕድ ቤቱ የት ይሁን?

አንድን ቤተሰብ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የቤቱን አሠራር ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ በየት በኩል እንደሚገባ፣ እሳቱ የት እንደሚነድ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። በዚህ ጽሑፋችን ከካፋ ዞን ተነሥተን ይህንኑ እንመለከታለን።

በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ዙሪያ ባለው ገጠር ነባሩ የካፋ ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ከእንጨትና ከቀርከሃ፣ ክዳኑ ከሣር ይሠራል፤ ዙሪያውን እንሰት ይከበዋል። እንሰቱ ከቤት የማይርቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍግና የቤት ጥራጊ በቀላሉ የሚደርሰው፣ እናቶችም ፍቀው ቆጮና ቡላ የሚያወጡት እዚያው ጓሮ ነው። በቤቱ ውስጥ ምድጃ አለ፤ ጭሱ የሣሩን ክዳን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ቆጥ ላይ ያለውን እህል ያደርቃል። ከሁሉም በላይ ግን ቡና የምትቆላው እናት ፊቷ ወደ ቤተሰቧ ነው። ልጅ ይጠይቃታል፣ ጎረቤት ያወጋታል።

ይህን ስንል ጎጆውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ጭሱ የእናቶቻችንንና የሕፃናቱን ዓይንና ሳንባ ሲጎዳ ኖሯል። ባለ ቆርቆሮው፣ ባለ አራት ማዕዘኑ ቤት ሲመጣ እሳቱ ከመኖሪያው ክፍል መውጣቱ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እሳቱ ሲወጣ እናትም አብራ ወጣች!

እዚህ ላይ የጣሊያንን ነገር ማንሳቱ ይጠቅማል። የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ወረራ ጊዜ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካሳ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ ባኞ ቤትና ላቫንዲኖ የሚሉት ቃላት ግን በየቤታችን ቀርተዋል። የሚገርመው፣ በነባሩ የጣሊያን ገጠር ቤት ማዕድ ቤቱ የቤተሰቡ ዋና መሰብሰቢያ ነበር፤ እሳቱም ገበታውም እዚያው ነው። እኛ ከተሜዎች ግን ቪላ ስንሠራ ማዕድ ቤቱን ከኋላ፣ ወደ ሰርቪስ ቤት ሰደድነው።

«ባዕድ ወንድ ሲመጣ ሴቶች ገለል እንዲሉ ነው» የሚሉን ወንድሞች ይኖራሉ። ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ሱረቱ አን-ኑርም ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ ሰው ቤት መግባትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ የቤትን ክብር ለመጠበቅ እናትን ከጓሮ ማስቀመጥ ግድ አይደለም። የሐረር ሙስሊሞች ቤት፣ «ጌይ ጋር»፣ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ደረጃ በደረጃ በተሠሩት መደቦች፣ «ነደባ» በሚሏቸው ላይ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ቦታውን ያውቃል፤ በጎን ደግሞ ገለል የሚባልበት ትንሽ ክፍል አለ። ማዕድ ቤቱ ለብቻው ቢሆንም የሚከፈተው ቤተሰቡ በሚመላለስበት ግቢ ላይ ነው።

ደግሞስ ማዕድ ቤት የሴት ብቻ ነው ያለው ማነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሲጠየቁ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መልሰዋል። ከሳሎን ሃያ እርምጃ ርቆ ያለ ማዕድ ቤት ባልንም ልጅንም ለዚህ ሱንና አያበረታታም።

ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ቤተሰቦች ግንበኛው መሠረት ከማውጣቱ በፊት እናትን አማክሯት። ጭስ ማውጫና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ካለ ማዕድ ቤቱ ከሳሎኑ ጎን ሊሆን ይችላል፤ መሐል ላይ ባለ መዝጊያ መስኮት፣ እንግዳ ሲመጣም መጋረጃ ይበቃል።