በፊኛ ውስጥ የማይበርድ እሳት

በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት በሽታ ተሸክሟል። አንደኛው ሳምባን የሚበላው ሲሆን፣ ሁለተኛው ካንሰር የምንለው ነው። ሁለቱ ዝምድና እንደሌላቸው ተምረናል። ዳሩ ግን በሽንት ፊኛ ውስጥ ባልታሰበ መንገድ ይገናኛሉ፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ወደ ግብጽ እንውረድ።

በ1851 ዓ.ም. (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው) ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ስሙን የወረሰው ከእርሱ ነው። ትሉ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ አንደኛው ዓይነት በፊኛ ዙሪያ ሰፍሮ እንቁላሉን ይጥላል። በዓባይ ዳር በሚኖሩ ገበሬዎች ልጆች ዘንድ ደም መሽናት ከመለመዱ የተነሣ የጉርምስና ምልክት እስከ መባል ደርሶ ነበር! በ1911 ፈርጉሰን የተባለ ሐኪም በዚያው በካይሮ 40 ሕሙማንን አጥንቶ ትሉንና የፊኛ ነቀርሳን አያይዞ ጻፈ።

ታዲያ የትል እንቁላል ነቀርሳን እንዴት ይወልዳል? ከጥፋቱ ብዙውን የሚሠራው የገዛ ራሳችን ዘበኛ ነው። በፊኛው ግድግዳ የተቀረቀረውን እንቁላል ለማጥፋት የነጭ ደም ሕዋሳት ይከቱታል፤ ሥፍራው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆጣል። ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። እሾህ የወጋው እግርም እንዲሁ ይቆጣል፤ እሾሁ ሲነቀል ግን ይበርዳል። የእንቁላሉ ቁጣ ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ሁለት ኤንዛይሞች፣ ማለት በሕዋስ ውስጥ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ከልክ በላይ ይበዛሉ። አንደኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመርታል፤ ይህም ሲበዛ የሕዋሱን የዘር ጽሕፈት ያበላሻል። ኮክስ-2 የሚባለው ሁለተኛው ፕሮስታግላንዲን ያዘጋጃል፤ በዚህም የተበላሸው ሕዋስ ይባዛል፣ አዲስ የደም ሥር ይበቅልለታል፣ መሞት ሲገባው አይሞትም። አንዱ ያበላሻል፣ ሌላው የተበላሸውን ያሳድጋል። ትል በማይታወቅበት አገር፣ ሲጋራ በሚያመጣው የፊኛ ነቀርሳም ኮክስ-2 በዝቶ ይገኛል። ግብጽ ፕራዚኳንቴል በተባለው ክኒን ትሉን ካመነመነች ወዲህ ግን የፊኛ ነቀርሳውም አብሮ ቀንሷል።

እንግዲያስ ኤንዛይሙን ብንዘጋውስ? አስፒሪን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይዘጋጅ በመከልከል መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 ገልጾ፣ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ሐሳቡ እኛንም ማርኮን ነበር። ነገር ግን በብሪታንያ ኮክስ-2ን የሚዘጋው ሴሌኮክሲብ 472 ሕሙማን በተካፈሉበት ምርመራ ተፈትኖ፣ በ2019 ውጤቱ ሲታተም ነቀርሳው ተመልሶ እንዳይመጣ አለማገዱ ታወቀ፤ ይባስ ብሎ በወሰዱት ዘንድ የልብና የደም ሥር ሕመም በዛ። ኤንዛይሙ በወንጀሉ ሥፍራ ተገኝቷል፤ እርሱን ብቻ ማሰር ግን አልበቃም።

አሁን ወደ ሳምባው ነቀርሳ እንመለስ። በካናዳ አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቹ ለሳምባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠውን ቢሲጂ በ9 ሕሙማን ፊኛ ውስጥ አፍስሰው ያዩትን በ1976 አሳተሙ። የተዳከሙት ሕያዋን ባክቴሪያዎች ፊኛውን ያስቆጣሉ፤ የተቆጣው ሰውነትም በነቀርሳው ላይ ይዘምታል። ለዓመታት ሲጨስ ነቀርሳ የሚወልደው ብግነት፣ ሐኪም ለኩሶት ለጥቂት ጊዜ ሲነድ መድኃኒት መሆኑ እኛን አስደንቆናል። ዛሬም ነቀርሳው ወደ ጡንቻ ላልዘለቀባቸውና ተመልሶ እንዳይመጣ ለሚያሠጋቸው ሕሙማን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ሕመምተኛው ፈሳሹን ሁለት ሰዓት ያህል በፊኛው ይዞ ይቆይና ይሸናዋል፤ ማቃጠሉም የተለመደ ነው።