ተረትና እውነታ፦ ከመቀሌ ሆኖ የሚከፈልበት መተግበሪያ መግዛት

«ቪፒኤን ክፈትና አሜሪካ በለው፤ ከዚያ የፈለግከውን አፕ ትገዛለህ።» መቀሌ ውስጥ ስማርት ስልክ ይዞ ይህን ምክር ያልሰማ ወጣት ያለ አይመስለኝም። እውነታው ግን ሌላ ነው። ቪፒኤን የሚቀይረው ስልኩ ከየት እንደሚገናኝ የሚያሳየውን አድራሻ ብቻ ነው። ፕሌይ ስቶር ደግሞ በአካውንቱ ላይ የተመዘገበውን የክፍያ አገር ይመለከታል። እሱን ለመቀየር የአዲሱን አገር ካርድ ማስገባት ግድ ነው፤ አንዴ ከተቀየረ ዓመት ሳይሞላ መመለስ አይቻልም፤ በአካውንቱ የነበረ ገንዘብም ወደ አዲሱ አገር አይሻገርም።

አይፎን የያዘ ሰው ጣጣው ይብሳል። የአፕል አፕ ስቶር ኬንያንና ሩዋንዳን ጨምሮ በ175 አገሮችና ግዛቶች ይሠራል፤ ኢትዮጵያ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ መቀሌ ያለ አይፎን አፕ የሚያወርደው በሌላ አገር ስም በተከፈተ አካውንት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ።

«ትግራይ ላይ ማዕቀብ ስላለ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ከተጀመረ ወዲህ መቀሌ ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ኢንተርኔት፣ አብዛኛውንም ጊዜ ያለ ባንክ አሳልፋለች። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር፣ ከዓመት በኋላም ጎግል ትርጉም ትግርኛን ሲጨምር፣ መቀሌ ተቀምጦ በኢንተርኔት ሊሞክራቸው የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እንዲህ የተቋረጠ ሕዝብ አልከፈት ያለ በር ባየ ቁጥር ሆን ተብሎ የተዘጋበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን መስከረም 2014 የፈረሙት የማዕቀብ ትእዛዝ በጦርነቱ እጃቸው አለበት የተባሉ ግለሰቦችንና ተቋማትን የሚመለከት ነበር እንጂ ተራውን ሰው መተግበሪያ እንዳይገዛ የሚከለክል አልነበረም። አፕል ኢትዮጵያን ያላስገባው ደግሞ ከጦርነቱ በፊትም ነው።

ዋናው እንቅፋት ዶላር ነው። ካርድ ላይ «ቪዛ» የሚል ምልክት ስላለ ብቻ ውጭ አገር ላለ ሻጭ መክፈል አይቻልም። ከብር ሂሳብ ጋር የተያያዘ ካርድ አገልግሎቱ አገር ውስጥ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ካርድ ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነገሩ ይቀላል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ለመተግበሪያ ገዢ በቶሎ የታየው ለውጥ ዋጋው ነው፦ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ 300 ብር የማይሞላው የአምስት ዶላር አፕ ከ500 ብር በላይ ሆነ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ሱቅ ሄደህ አካውንት አስከፍት፤ ያለቀለት ነገር ነው» የሚለው ምክር ነው። ባለሱቁ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው በራሱ ኢሜይል የከፈተውንና ለበርካታ ደንበኞች የሚጠቀምበትን አካውንት ነው። አይክላውድ የሚባለው የአፕል ማከማቻ በዚያ አካውንት ከበራ የስልኩ ፎቶዎችና ስልክ ቁጥሮች ወደ ባለሱቁ አካውንት ይገባሉ፤ የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ ሊያያቸው ይችላል። «ስልኬን ፈልግ» የሚለው ከበራ ደግሞ የአካውንቱ ባለቤት ካለበት ሆኖ ስልኩን መቆለፍ ይችላል። ያኔ ፍላሽ ማድረግም አያድነውም፤ ስልኩ ሲነሳ የሚጠይቀው የባለሱቁን የይለፍ ቃል ነው። ሱቁ ከተዘጋ ወይም ሰውዬው ከተማ ከቀየረ ማን ይከፍተዋል?

ጊፍት ካርድስ? ይሠራል፤ ግን የአሜሪካ ካርድ ለአሜሪካ አካውንት ብቻ ነው። ዳላስ ያለች እህት ልካው ለካናዳ አካውንት አልሠራ ቢል ካርዱ የተበላሸ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ከዋጋው በታች የሚሸጥ ካርድ ግን በተሰረቀ ገንዘብ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ሲደረስበት የሚታገደው የተጠቃሚው አካውንት ነው። ክራክ የተደረገ አፕም ከዚህ አይሻልም፦ የባንክ ኮድ የሚመጣበትን ስልክ የያዘ ሰው ማን እንደነካካው የማያውቀውን ፋይል ባይጭንበት ይሻለዋል።

አካውንት መክፈት ሱቅ የሚያስኬድ ሥራ አይደለም። አይፎን ላይ ነፃ አፕ ለማውረድ ጀምሮ በራስ ኢሜይል አዲስ አካውንት ሲከፈት ከክፍያ መንገዶቹ መካከል «ምንም» የሚለውን መምረጥ ይቻላል። የአፕል ውል አካውንቱ በሚኖሩበት አገር እንዲሆን ስለሚጠይቅ የመታገድ ስጋት ጨርሶ አይጠፋም፤ ለዚህም ነው ብዙ ገንዘብ ማስቀመጥ የማይመከረው። አሁን የሌላ ሰው አካውንት ያለበት ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ባለሱቁ በአካባቢው እያለ ሄዶ «ስልኬን ፈልግ»ን በይለፍ ቃሉ እንዲያጠፋለትና ከአካውንቱ እንዲያስወጣው ያድርግ፤ ከዚያ በፊት ግን ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ይገልብጥ።